ባክቴሪያ «ያለ ልክ» አይባዛም፤ ልኩ መነሻው ላይ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ክቡር ሆይ፣ በጋዜጣችሁ የጤና ዓምድ ላይ ስለ ምግብ ብክለት የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አነበብሁት። የተረፈ ወጥ ምድጃ ዳር እንዳያድር፣ ወተት ሳይፈላ እንዳይጠጣ፣ እጅ ሳይታጠቡ ምግብ እንዳይነካ የሰጠው ምክር ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔም ቤተሰቤን ሰብስቤ ጮክ ብዬ አንብቤላቸዋለሁ። ነገር ግን በመካከሉ «ባክቴሪያ ምግብና ሙቀት እስካገኘ ድረስ በየ20 ደቂቃው ራሱን እየቀዳ ያለ ልክ ይባዛል» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። በዚህ አጭር ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ስሕተቶች ተቀምጠዋል፤ አንደኛው በደቂቃው ላይ ነው፣ ሁለተኛውና የባሰው ደግሞ «ያለ ልክ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ስለሆኑ፣ ደግሞም እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት ለተማሪዎቼ ያስተማርኋቸው ስሕተቶች ስለሆኑ፣ አይቼ ለማለፍ ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም።

የምጽፍላችሁ ከፍኖተ ሰላም ነው። ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርሁ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሰውና በከብት አንጀት ውስጥ ስለሚኖረው ኢ. ኮላይ ስለተባለው ባክቴሪያ እያስተማርሁ ሳለ፣ ሦስት ቁጥሮችን ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። የዚህ ባክቴሪያ ክሮሞሶም፣ ማለትም የዘር ትእዛዙ የተጻፈበት የዲኤንኤ ሰንሰለት፣ አንድ ብቻ ነው፤ ጫፍና ጫፉ ተገናኝቶ ቀለበት የሠራ ሲሆን፣ በላዩ ወደ 4.6 ሚሊዮን የሚጠጉ የዲኤንኤ ፊደል ጥንዶች ተደርድረዋል። ፊደሉን የሚቀዳው የኢንዛይም ጓድ በሰከንድ 1,000 ያህል ፊደል ይጽፋል። ባክቴሪያው ደግሞ በተመቸው ጊዜ በየ20 ደቂቃው ለሁለት ይከፈላል። ቁጥሮቹን ጽፌ ወደ ሌላ ነገር ልሻገር ስል፣ ከኋላ ረድፍ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ ደብተሯ ላይ ስታሰላ ቆይታ እጇን አወጣች። ቅጂው ከአንድ ቦታ ተነሥቶ በግራና በቀኝ እንደሚሄድ ነግሬአቸው ስለ ነበር፣ 4.6 ሚሊዮኑን ለሁለት ከፍላ፣ የደረሰችበትንም በ1,000 አካፍላ 2,300 ሰከንድ፣ ማለትም ከ38 ደቂቃ በላይ አግኝታለች። «መምህር፣ መቅዳቱ ብቻውን 38 ደቂቃ ከፈጀ በ20 ደቂቃ እንዴት ይከፈላል? ተቀድቶ ያላለቀውን የትኛዋ ልጅ ትወስደዋለች?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» ብዬ አለፍሁት። ማታ ቤቴ ገብቼ ሒሳቡን ደግሜ ስሠራው ግን በዚያ መልሴ አፈርሁ፤ ልጅቱ ትክክል ነበረች፣ የተሳሳትሁት እኔ ነበርሁ።

ነገሩ የሳይንስ ሰዎችንም አስቸግሯቸው የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 እስቴፈን ኩፐርና ቻርለስ ሄልምስተተር በፍጥነት የሚያድገውን ኢ. ኮላይ ለክተው፣ ክሮሞሶሙን ዳር እስከ ዳር ለመቅዳት 40 ደቂቃ ያህል፣ ቅጂው ካለቀ በኋላ ሴሏ እስክትከፈል ደግሞ ሌላ 20 ደቂቃ ያህል እንደሚያስፈልግ አሳዩ። ድምሩ 60 ደቂቃ መሆኑ ነው። ታዲያ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ በየ20 ደቂቃው እንዴት ይደርሳል?

ይህን ለተማሪዎቼ ማስረዳት የቻልሁት በጎረቤቴ ጓዳ ነው። ጎረቤቴ ጠላ ጠምቀው በመሸጥ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናት ናቸው። ከጥንስስ ተነሥቶ ጠላው ለጠጪ እስኪደርስ ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ እሳቸው ግን ሳምንቱን ሙሉ ጠላ አጥተው አያውቁም። አንድ ቀን ጓዳቸው ስገባ፣ በግራዋ ታጥበው በወይራ የታጠኑ ሦስት ጋኖች ተደርድረው አየሁ፤ በአንደኛው ጌሾውና ብቅሉ ገና ተጠንስሷል፣ በሁለተኛው እንኩሮው ገብቶ ድፍድፉ ይንተከተካል፣ የሦስተኛው አፍ በጭቃ ተመርጎ መከፈቻውን ይጠብቃል። ለምን ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንደማያደርጉት ብጠይቃቸው፣ «መምህር፣ የገበያውን ጠላ በገበያው ቀን ይጠነስሱታል እንዴ?» ብለው ሣቁብኝ። በፍጥነት የምታድግ ባክቴሪያም የምታደርገው ይህንኑ ነው። የመጀመሪያው ቅጂ ሳያልቅ ሁለተኛውን ትጀምራለች፤ ገና በመቀዳት ላይ ያለው ክሮሞሶም መነሻው ላይ እንደገና ይከፈትና፣ አዲስ የቀጂ ጓድ ከፊተኛው ኋላ ተከትሎ ይሄዳል። ሒሳቡ እስከ መጨረሻው ቢሠራ የሚገኘው ውጤት የሚያስገርም ነው፦ በ20 ደቂቃ የምትከፈል ሴል፣ ስትከፈል ለልጆቿ የምታድላቸው ቅጂ የተጀመረው አያቷ በተወለደችበት ጊዜ ነው። እሷ ራሷ ስትወለድ የምትጀምረው ደግሞ ለልጅ ልጆቿ ክፍፍል የሚሆነውን ነው።

ይህ ከታወቀ ዘንድ «በየ20 ደቂቃው ራሱን ይቀዳል» የሚለው አነጋገር ይፈርሳል። በየ20 ደቂቃው የሚሆነው ጅምሩ ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ሴሏ በሰዓት አንድ ጊዜና ከዚያም ፈጠን ብላ በምትከፈልበት ሁኔታ ሁሉ፣ ምግቡ ቢሻልም ቢከፋም፣ የመቅዳቱ ፍጥነት ብዙ አይለዋወጥም። የሚለዋወጠው በየስንት ጊዜው አዲስ ቅጂ እንደሚጀመር ነው። ስለዚህ ባክቴሪያ የመባዛቷን ልክ የምትቆጣጠረው ሩጫውን በማፍጠንና በማዘግየት ሳይሆን፣ ከመነሻው ላይ ነው። በዚያው በ1968 ዊልያም ዶናኪ የተባለ ተመራማሪ፣ የሴሏ ግዝፈት በውስጧ ላሉት መነሻዎች ቁጥር ሲካፈል፣ ቅጂ በሚጀመርበት ቅጽበት የሚገኘው መጠን ሁልጊዜ ተቀራራቢ እንደ ሆነ በስሌት አሳየ። በሌላ አነጋገር ሴሏ የምትጀምረው ሰዓት ቆጥራ ሳይሆን ሰውነቷ ለእያንዳንዱ መነሻ የሚበቃ ሲሆን ነው። ደግሞም በአንዲት ሴል ውስጥ ያሉ መነሻዎች ሁሉ በአንድነት ይነሣሉ፤ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት መነሻ ያላት ሴል ትገኛለች እንጂ፣ ጤነኛ በሆነ የኢ. ኮላይ ዘር ዘንድ ሦስት ወይም አምስት ያላት እምብዛም አትገኝም።

መነሻ ስል ምን ማለቴ እንደ ሆነ ላብራራ። እ.ኤ.አ. በ1963 ፍራንሷ ዣኮብ፣ ሲድኒ ብሬነርና ፍራንሷ ኩዛን አንድ ሐሳብ አቀረቡ፦ በክሮሞሶሙ ላይ ቅጂ የሚጀመርበት የታወቀ ቦታ መኖር አለበት፣ ያንን ቦታ ዐውቆ የሚያስነሣ አንድ ነገርም መኖር አለበት አሉ። ይህን ሲሉ አስነሺው ምን እንደ ሆነ በእጃቸው አልያዙትም ነበር። ኋላ ግን በ30 ዲግሪ ሙቀት በደኅና የሚያድጉ፣ ሙቀቱ ወደ 42 ዲግሪ ሲወጣ የጀመሩትን ቅጂ እስከ መጨረሻው አድርሰው አዲስ መጀመር የሚያቅታቸው ባክቴሪያዎች ተገኙ። የተበላሸባቸው ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ዲኤንኤ-ኤ ተባለ። አስነሺው እሱ ነው። በኢ. ኮላይ ክሮሞሶም ላይ የሚያርፍበት መነሻ ቦታ ኦሪ-ሲ ሲባል፣ ርዝመቱ 245 የፊደል ጥንድ ያህል ብቻ ነው፤ ከጠቅላላው ክሮሞሶም ከ18,000 አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። (ይህን ስም ሰሌዳ ላይ በጻፍሁ ቁጥር ተማሪዎቼ «ከኦሪት ጋር ዘመድ ነው?» ይሉኛል። ዘመድ አይደለም፤ ግን ስለ መጀመሪያ የሚናገር ስለ ሆነ በደንብ ይይዙልኛል።)

በዚህ ጠባብ ቦታ ላይ የሚሆነው ነገር ከቀረብ ብለው ሲያዩት እጅግ የተመዘነ ነው። ዲኤንኤ-ኤ የሚያውቃቸው ዘጠኝ ዘጠኝ ፊደል ያላቸው ማረፊያዎች አሉ። ከእነዚህ ሦስቱ አጥብቀው የሚይዙ ናቸው፤ ስለዚህ ከሞላ ጎደል ዘመኑን ሁሉ ፕሮቲኑ ተቀምጦባቸው ይገኛል። ሌሎቹ ግን አያያዛቸው ደካማ ነው። ዲኤንኤ-ኤ በሁለት ዓይነት ይገኛል፤ ወይ ኤቲፒ፣ ማለትም የሴሏን የኃይል ስንቅ፣ ይይዛል፣ ወይም ኃይሉን ሰጥቶ የተራቆተውን ኤዲፒን ይይዛል። ደካማዎቹ ማረፊያዎች የሚቀበሉት ኤቲፒ የያዘውን ነው። ስለዚህ ኤቲፒ የያዘው ዲኤንኤ-ኤ በሴሏ ውስጥ በቂ ሆኖ እስኪከማች ድረስ፣ በጠንካሮቹ ላይ የተቀመጡት ጓደኞቻቸውን እየጠበቁ ይቆያሉ፤ ሲበቃም ተራ በተራ ገብተው፣ እርስ በርስ ተያይዘው፣ ዲኤንኤውን ይጠመዝዙታል። በአጠገቡ ኤ እና ቲ የሚባሉት ፊደላት የበዙባቸው፣ እያንዳንዳቸው 13 ፊደል ያላቸው ሦስት ድግግሞሾች አሉ። ኤ እና ቲ የሚተሳሰሩት በሁለት የሃይድሮጅን ማሰሪያ ሲሆን፣ ጂ እና ሲ በሦስት ስለሆነ፣ ሲጠመዘዝ በቀላሉ የሚከፈተው ይህ ወገን ነው። ድርቡ ሰንሰለት እዚህ ላይ ይላቀቃል። ከዚያ ዲኤንኤ-ሲ የተባለው አጋዥ፣ ዲኤንኤ-ቢ የተባሉትን ስድስት ስድስት ክፍል ያላቸው ሁለት የኢንዛይም ቀለበቶች አምጥቶ በተከፈቱት ሰንሰለቶች ላይ ያጠልቃል፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ድርቡን እየተረተረ ይሄዳል። ቀጂው ጓድ ይከተላቸዋል። የአርተር ኮርንበርግ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1981 ኦሪ-ሲ ያለበትን ትንሽ ቀለበት ዲኤንኤ፣ ያለ ሕያው ሴል፣ በመስታወት ቱቦ ውስጥ ለማስቀዳት ስለ በቃ፣ ይህ ታሪክ ከግምት ወጥቶ በእጅ የሚዳሰስ ሆነ።

ነገር ግን ማስጀመር ቀላሉ ነው። ከባዱ እንደገና አለማስጀመር ነው። መነሻው አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ወዲያው ሁለት መነሻዎች ይሆናሉ፤ አስነሺውም አጠገባቸው እንዳለ ነው። ምን ይከለክለዋል? እዚህ ላይ ከአንድ በላይ ቁልፍ አለ፤ ከሁሉም የምወደውን በእኛ አገር የብራና ሥራ ማስረዳት ይቀለኛል። ጎጃም ውስጥ መጽሐፍ ሲገለበጥ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ጸሐፊው የቅዱሳኑን ስም በቀይ ቀለም ለመጻፍ ቦታውን ባዶ ትቶ ሌላውን በጥቁር ቀለም ጽፎ ያልፋል፤ ቀዩ በኋላ ይሞላል። ስለዚህ ቀዩ ያልገባበት ብራና ገና ከጸሐፊው እጅ እንደ ወጣ በዓይን ይታወቃል። በኢ. ኮላይም ጂ፣ ኤ፣ ቲ፣ ሲ የሚሉት አራት ፊደላት ተከታትለው በተገኙበት ሁሉ፣ ዳም የተባለ ኢንዛይም በኤ ላይ ሜቲል የምትባል ትንሽ ምልክት ያስቀምጣል። ቅጂው ሲካሄድ አሮጌው ሰንሰለት ምልክቱ አለው፣ አዲሱ ግን ለጊዜው ባዶ ነው። ሴክ-ኤ የተባለ ፕሮቲን እንዲህ ያለውን በአንድ ወገን ብቻ ምልክት ያለበት ዲኤንኤ ፈልጎ ይይዛል። በአጋጣሚ ቢሆን እነዚህ አራት ፊደላት በ256 ፊደል ውስጥ አንድ ጊዜ ቢገኙ ነው፤ በኦሪ-ሲ 245 ፊደል ውስጥ ግን 11 ጊዜ ይገኛሉ። ስለዚህ ሴክ-ኤ አዲስ የተቀዳውን መነሻ አጥብቆ ይሸፍነዋል፤ በሌላው የክሮሞሶም ክፍል ምልክቱ በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሲሟላ፣ መነሻው ግን ከአንድ ክፍፍል እስከ ሌላው ያለውን ጊዜ ሲሶ ያህል እንደ ተሸፈነ ይቆያል። የዲኤንኤ-ኤ ጂን ራሱ በአቅራቢያው ስላለ እሱም አብሮ ይዘጋል፤ አዲስ አስነሺ እንዳይሠራ ማለት ነው።

ሁለተኛው ቁልፍ ደግሞ ከሥራው የሚወጣ ነው። የቀጂው ጓድ ከዲኤንኤው ላይ እንዳይወድቅ ዙሪያውን የሚይዝ ቀለበት አለው። ይህ ቀለበት ሥራ ላይ ሲሆን ኤችዲኤ ከተባለ ፕሮቲን ጋር ተባብሮ፣ በዲኤንኤ-ኤ እጅ ያለውን ኤቲፒ ወደ ኤዲፒ ያስለውጠዋል። ልብ ይበሉ፤ አስነሺውን ትጥቅ የሚያስፈታው እሱ ራሱ ያስነሣው ሥራ ነው። ሦስተኛም አለ፤ ዳት-ኤ የሚባል የክሮሞሶሙ አንድ ሥፍራ ይህንኑ ኤቲፒ የማራቆት ሥራ ያግዛል። ጊዜው ሲደርስ ደግሞ አዲስ የሚሠራው ዲኤንኤ-ኤ በሴሏ ውስጥ ሞልቶ ከተረፈው ኤቲፒ ይይዛል፤ ዳርስ የሚባሉ ሁለት ሥፍራዎችም አሮጌውን ከኤዲፒ አላቅቀው እንደገና ያስታጥቁታል። ከእነዚህ ሁሉ የትኛው ለልኩ ዋናው እንደ ሆነ ሊቃውንቱ እስካሁን ይከራከራሉ፤ እኔ የማደላው አንዱ ብቻውን አይበቃም ለሚሉት ነው።

ቁልፎቹ ሲሰበሩ ምን እንደሚሆን ስለ ታየ፣ «ያለ ልክ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚያሳስት መረዳት ይቻላል። በጂናቸው ላይ በደረሰ ለውጥ ምክንያት ቅጂን ደጋግመው የሚጀምሩ የኢ. ኮላይ ዘሮች አሉ። እንዲህ ያሉት ከሌሎቹ በልጠው አይበዙም። ከኋላ የመጡት ቀጂዎች የፊተኞቹ ላይ ይደርሱባቸዋል፣ ዲኤንኤው ይሰበራል፣ ሴሏም ትታመማለች ወይም ትሞታለች። ያለ ልክ ለመባዛት የሞከረች ባክቴሪያ መጨረሻዋ ይህ ነው።

ስለ ረኀብም ጥቂት ልበል። ኢ. ኮላይ ፕሮቲን የሚሠራበት አሚኖ አሲድ ሲያጥረው፣ ፒፒጂፒፒ የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ያጠራቅማል፤ እሱ ሲበዛ አዲስ ቅጂ አይጀመርም፣ የተጀመረው ግን እስከ ዳር ይደርሳል። ጽሑፉ «ምግብ እስካገኘ ድረስ» ማለቱ እንግዲህ ከእውነቱ የራቀ አይደለም፤ የጎደለው፣ ምግቡ የሚሰማው መነሻው ላይ መሆኑን ነው። ምግብ ሳይጠፋም ማቆም እንዳለ ደግሞ ከቤታችን የሚርቅ ማስረጃ አያሻም። ባለፈው ወር ተማሪዎቼ ከቤት ያመጡትን እርጎ አንድ ጠብታ በመስታወት ላይ አቅጥነን፣ በሜቲሊን ብሉ ቀለም ነክረን፣ በትምህርት ቤታችን አሮጌ ማይክሮስኮፕ አየነው። እንደ መቁጠሪያ የተሰካኩ ክብ ክብ ባክቴሪያዎች፣ በመካከላቸውም እንደ ጭራሮ የተበተኑ ቀጫጭኖች ሰማያዊ ሆነው ታዩን። ወተቱን እርጎ ያደረጉት እነሱ ናቸው። በወተቱ ውስጥ ስኳሩ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ፣ ራሳቸው በሠሩት አሲድ ምክንያት እድገታቸው ቀዝቅዞ ይቆማል። እንዲህ ባይሆን ኖሮ፣ በወረቀት ላይ እንደሚሰላው በየ20 ደቂቃው የምትከፈል አንዲት ባክቴሪያ በሁለት ቀን ውስጥ ዘሯ ከምድር በላይ በመዘነ ነበር። ስሌቱ በየመጽሐፉ ይገኛል፤ አስተማሪዎች ተማሪን ለማስደነቅ እንወደዋለን፤ ሆኖም የሚያስተምረው ባክቴሪያ የማታደርገውን ነገር ነው።

ሁሉም ባክቴሪያ ልኩን የሚጠብቀው እንደ ኢ. ኮላይ አይደለም። በየክረምቱ ስሟን የምንሰማው የኮሌራ ባክቴሪያ ሁለት ክሮሞሶም አላት፤ ታላቁ ወደ 3 ሚሊዮን፣ ታናሹ ወደ 1 ሚሊዮን የፊደል ጥንድ አለው። ታናሹ የራሱ አስነሺ አለው፤ ሆኖም ከታላቁ ጋር አይነሣም። በታላቁ ላይ ያለች አንዲት ምልክት በቀጂው ስትታለፍ ነው ታናሹ እንዲነሣ ፈቃድ የሚያገኘው፤ በዚህም ምክንያት ሁለቱ ተቀራርበው ይጨርሳሉ። ይህን ሳነብ፣ ሩቅ የሚሄደውን አስቀድሞ መሸኘት በባክቴሪያም ዘንድ የታወቀ መሆኑ ደስ አሰኝቶኛል። ካውሎባክተር የምትባል በወራጅና በሐይቅ ውኃ የምትኖር ባክቴሪያ ደግሞ ስትከፈል አንደኛዋ ልጅ ዋናተኛ፣ ሁለተኛዋ ባለ ግንድ ትሆናለች፤ በዋናተኛዋ ውስጥ ሲቲአር-ኤ የተባለ ፕሮቲን መነሻውን ስለሚይዘው፣ ዋና ትታ ግንድ እስክታወጣ ድረስ አትቀዳም።

የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ግን ቆም ብሎ ማየት ይገባል፤ በእኛ አገር ይህ በሽታ ያልነካው ቤተ ዘመድ ጥቂት ነውና። ክሮሞሶሟ 4.4 ሚሊዮን የፊደል ጥንድ ያህል ነው፤ ከኢ. ኮላይ ጥቂት ያንሳል እንጂ አይበልጥም። ሆኖም ለመከፈል ወደ 20 ሰዓት ያህል ይፈጅባታል። የዘገየችው ብዙ የሚቀዳ ነገር ስላለባት አይደለም፤ ጅምሯም ሩጫዋም ቀርፋፋ ስለ ሆነ ነው። አዝጋሚነቷ ሕክምናው ቢያንስ ወራትን ከሚጠይቅባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ብዙዎቹ መድኃኒቶች በማደግ ላይ ያለችውን አብልጠው ይመታሉና። ሰዎች ሳል ቀነሰልኝ ብለው በሁለተኛው ወር መድኃኒቱን ሲተዉ አይቼ ስለማውቅ፣ ጋዜጣችሁ «በየ20 ደቂቃው» የሚለውን ቁጥር ለባክቴሪያ ሁሉ እንደሚሠራ አድርጎ መጻፉ ጉዳት አለው ብዬ አምናለሁ። የነቀርሳ ሕመምተኛ ያንን አንብቦ «እንዲህ የምትሮጥ ከሆነ እስካሁን በጨረሰችኝ፤ እንግዲህ ጠፍታለች» ቢል አይፈረድበትም።

ስለ መድኃኒት ካነሣሁ፣ ሰዎች ከየመድኃኒት ቤቱ ያለ ማዘዣ ገዝተው በግማሽ የሚተዉት ሲፕሮ የሚመታው ከመነሻው በኋላ ያለውን ሥራ ነው። ቀጂው ወደ ፊት ሲሄድ ከፊቱ ያለው ዲኤንኤ እንደ ተከረረ ገመድ ይጠማዘዛል፤ ያንን የሚፈታውን ጃይሬዝ የተባለ ኢንዛይም ይይዝና ዲኤንኤው ተቆርጦ እንዲቀር ያደርጋል። ዲኤንኤ-ኤን ራሱን የሚይዝ መድኃኒት በሐኪም እጅ እስካሁን የለም፤ ብዙ ተመራማሪዎች ግን ዐይናቸውን ጥለውበታል፤ ምክንያቱም በሰው ሴል ውስጥ ቅጂ የሚያስነሡት ፕሮቲኖች ከባክቴሪያው በእጅጉ የተለዩ ናቸው።

በመጨረሻ ስለ ቃል። ስሕተቱ በከፊል የጸሐፊው ሳይሆን የቋንቋ አጠቃቀማችን ነው። በአማርኛ ስንጽፍ ሴሏ ለሁለት ስትከፈልም «መባዛት»፣ ክሮሞሶሙ ሲቀዳም «መባዛት»፣ ቁጥራቸው ሲበረክትም «መባዛት» እንላለን። ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች በአንድ ቃል ሲጠሩ፣ የ20 ደቂቃው ነገር ከአንዱ ወደ ሌላው ቢተላለፍ የሚያስደንቅ አይደለም። እኔ በክፍሌ ለክሮሞሶሙ «ቅጂ»፣ ለሴሏ «ክፍፍል»፣ ለቁጥሩ «መበርከት» ማለት ከጀመርሁ ወዲህ ተማሪዎቼ አይምታታባቸውም። የተሻለ ቃል ያለው ቢኖር በዚሁ ዓምድ ቢጽፍ በደስታ እቀበላለሁ።

ስለዚህ ክቡር አዘጋጅ፣ በሚቀጥለው እትማችሁ ያ ዐረፍተ ነገር እንዲህ ተብሎ እንዲታረም በአክብሮት እጠይቃለሁ፦ «አንዳንድ ባክቴሪያዎች በተመቻቸው ጊዜ በየ20 ደቂቃው ይከፈላሉ፤ ክሮሞሶማቸውን የመቅዳቱ ሥራ ግን ከዚያ በላይ ይፈጃል፣ የሚጀመርበትም ጊዜ በጥብቅ የተወሰነ ነው።» ያቺ ተማሪዬ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ጋዜጣችሁንም እንደምታነብ ነግራኛለች። እርማቱ በወጣ ጊዜ ቆርጬ የምልክላት ለእሷ ነው፤ የዚያን ቀን ጥያቄዋን ሳልመልስላት ቀርቻለሁና።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አንድ የባዮሎጂ መምህር
ከፍኖተ ሰላም፣ ጎጃም